ከማንበባችን በፊት ምን እናውቃለን?

የዛሬውን ትምህርት በአንድ ትንሽ ጽሑፍ እንጀምራለን። ርእሱን ሆን ብለን አስቀርተነዋል። ሳትቸኩሉ አንድ ጊዜ አንብቡት። ከመካከላችሁ ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎቻችሁ አዳምጡ።

«መጀመሪያ ቦታው ይመረጣል። ክብ ሆኖ ይጸዳል፤ ከዚያ ይለቀለቃል። እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ሲደርቅ ይሞላል። ከዚያ በኋላ መዞር ነው፤ ቢመሽም መዞር ነው። አንዳንዱ ሰው አፋቸውን ያስራል፤ አንዳንዱ ግን ነውር ነው ብሎ ይተወዋል። መዞሩ ሲያበቃ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። እሱ ካልመጣ ሥራው አያልቅም፤ በገንዘብም አይገዛም። ሲመጣ ወደ ላይ መወርወር ነው። ቀላሉ ይሄዳል፤ ከባዱ ይመለሳል።»

ምን ገባችሁ? ቃሉ ሁሉ ቀላል ነው። ፊደሉንም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ገና ከሁለተኛው መስመር ደርሳችሁበት ይሆናል። ላልደረሰበት ግን ርእሱን እንንገረው፦ ርእሱ «አውድማ» ነው። አሁን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እንደገና አንብቡት።

አያችሁ? ጽሑፉ አልተለወጠም። አንዲት ፊደል እንኳ አልተጨመረችበትም። የሚለቀለቀው በእበት መሆኑን ጽሑፉ አልነገራችሁም። የሚዞሩት በሬዎች መሆናቸው፣ የሚጠበቀው ነፋስ መሆኑ፣ ቀላሉ ገለባ ከባዱ ደግሞ እህል መሆኑ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ይህን ሁሉ የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። ከየት አመጣችሁት ቢባል ከአውድማው ላይ ነው።

ይኸንኑ ጽሑፍ አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰ ልጅ ብትሰጡት ከእናንተ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ያነበንበዋል። ርእሱን ነግራችሁት «የሚጠበቀው ምንድን ነው?» ብትሉት ግን «ዝናብ» ሊላችሁ ይችላል። አውድማ ላይ ዝናብ! ደግሞ በከተማው ልጅ ብቻ አንሣቅ። ዛሬ በአርሲ በብዙ ቦታ ስንዴውን የሚያጭደውም የሚወቃውም ኮምባይነር ስለሆነ፣ ከገዛ ልጆቻችንም አውድማን በወሬ ብቻ የሚያውቁት እየበዙ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው። ጽሑፍ ሁሉን ነገር አይነግረንም። የተወሰነውን ይነግረናል፤ የቀረውን ከእኛ ይጠብቃል። ስለዚህ ማንበብ ከመጀመራችን በፊት ስለ ጉዳዩ የምናውቀውን ከያለበት ጠርተን ማቅረብ አለብን። ይህ ሥራ አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ባለመደረጉ ግን ብዙ ሰው ፊደል ለይቶ ሳለ «ንባብ አልሆነልኝም» ብሎ ትቶታል።

አዲስ አንባቢ ወረቀት ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ፊደል ይሮጣል። ፊደሉን በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ይለቅማል። የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደግሞ መስመሩ በሙሉ ይጠፋዋል። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ «አነበብኩ» ይላል። «ታዲያ ምን ይላል?» ሲባል ዝም ነው።

የዲክሲሱ ማታ

ይህን ነገር እኔን ያስተማሩኝ የዲክሲስ ገበሬዎች ናቸው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘልቅ፣ በ1972 ዓ.ም. ክረምት ለማስተማር ወደ አርሲ ከሄድነው ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ዲክሲስ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ረፋዱ ካላለፈ አይገፈፍም። ገበሬው ቀን እርሻ ላይ ስለሚውል የምናስተምረው ማታ ማታ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ፣ በፋኖስ ብርሃን ነበር። (ዛሬ ስሙ ቀበሌ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ገበሬ ማኅበር ማለቱን እስካሁን አልተውንም።)

አንድ ማታ ስለ ስንዴ ዋግ አራት መስመር ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ስለ ምን እንደሆነ አንድ ቃል ሳልናገር አንድ ሽማግሌ አስነሣሁ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ፊደል በዘንግ እየነኩ «ዋ...»፣ «ግ...» እያሉ እስከ መጨረሻው ወጡት። አንድ ፊደል አልሳቱም። እኔም ደስ ብሎኝ «በጣም ጥሩ፣ አባባ! ገባዎት?» አልኳቸው።

«ፊደሉ ገብቶኛል ልጄ፤ ነገሩ ነው ያልገባኝ» አሉኝ።

እኔ የማውቀው አማርኛ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ ያደጉት በኦሮምኛ ነው። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ዋጊ እኮ ነው!» ብለው ጮኹ። ቤቱ ተናጋ። አንዱ በየትኛው ዓመት መጥቶ ምን ያህል እህል እንዳስቀረበት ይቆጥራል። ሌላው ጉም በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ቀድሞ እንደሚታይ ይናገራል። ሦስተኛው በታመመ ስንዴ መሐል ያለፈ ሰው ሱሪው ዝገት እንደተቀባ ሆኖ እንደሚወጣ ያሳያል። እኔ ዋግ የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ከደብተር ገልብጬ ነው የጻፍኩት።

ጫጫታው ሲበርድ ሽማግሌውን እንደገና አስነሣኋቸው። በዚህ ጊዜ ዘንጉን ወደ ጎን አደረጉት። አራቱን መስመር አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሦስተኛው መስመር ልክ አይደለም» አሉ። ጽሑፉ ቢጫ ዋግ በድርቅ ጊዜ ይበዛል ይላል። «በድርቅ ሳይሆን ብርድና እርጥበት ሲበዛ ነው» አሉኝ። ደብተሬን አየሁ። እውነትም ስገለብጥ ተሳስቼ ነበር። ከሩብ ሰዓት በፊት «ነገሩ አልገባኝም» ያሉት ሰው መምህራቸውን አረሙ።

ያን ጊዜ አላወቅኩም እንጂ ይህን መንገድ ሌሎችም ደርሰውበት ነበር። ፓውሎ ፍሬሬ የተባለ ብራዚላዊ መምህር በ1955 ዓ.ም. አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብ ለማስቻል ተነሥቶ ነበር። ከፊደል በፊት የሚያሳያቸው የራሳቸውን ኑሮ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ስለ ሥዕሉ ያውቁትን ሁሉ ይናገራሉ፤ ይከራከራሉ። ቃሉ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም ነበርና ነገሩ ያልጣማቸው ባለሥልጣኖች ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ ፍሬሬ ታሰረ፤ ቀጥሎም ከአገሩ ተሰደደ።

ኋላም በአሜሪካ አገር ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በፈተና አይተውታል። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1980 ዓ.ም. ነው። እንደ እኛ ገና ኳስ በዱላ የሚመታበት ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አላቸው። ስለዚህ ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ ለ64 ተማሪዎች ሰጡ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ንባብ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ግማሾቹ ደካሞች ናቸው። ከየወገኑ ደግሞ ጨዋታውን አሳምረው የሚያውቁም የማያውቁም አሉበት። ሲጠየቁ፣ ንባብ ላይ ደካማ ሆነው ጨዋታውን የሚያውቁት ልጆች፣ ንባብ ላይ ጎበዝ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። የአውድማችን ጽሑፍና የከተማው ልጅ ነገር ይኸው ነው።

በማታው ክፍል እንዴት እንሥራ?

በመጀመሪያ ወረቀቱን ሳታነቡ ተመልከቱት። ርእሱን አንብቡ። ሥዕል ካለው ሥዕሉን እዩ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደወጣ፣ ቁጥር ወይም ገንዘብ ይኑርበት አይኑርበት ተመልከቱ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ይህ መገልበጥ ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ እጁ ወደ ፊደሉ ይሮጣል። ያዙት።

ቀጥሎ «ስለዚህ ነገር ምን እናውቃለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰሌዳ ካለ ሰሌዳ ላይ፣ ከሌለ በር ላይ በጠመኔ፣ ሦስት ዓምድ አስምሩ። ዶና ኦግል የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት በ1978 ዓ.ም. ያወጡት ዘዴ ነው፤ ለእኛም ተስማምቶናል። በመጀመሪያው ዓምድ የምናውቀውን፣ በሁለተኛው ለማወቅ የምንፈልገውን፣ በሦስተኛው ካነበብን በኋላ ያገኘነውን እንጽፋለን። ረጅም ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። «ጉም»፣ «ረባዳ»፣ «ቢጫ ዱቄት» ከተባለ ይበቃል። እነዚህ ቃላት ጽሑፉ ውስጥ ሲመጡ ዓይን ቀድሞ ያውቃቸዋል።

በየትኛውም ቋንቋ ይነገር። አርሲ ውስጥ የአብዛኛው ገበሬ እውቀት ያለው በኦሮምኛ ነው። ስለ ከብቱ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ በሽታው ያወቀው ሁሉ የተቀመጠው በዚያ ቋንቋ ነው። ዘመቻው ራሱ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ነበር፤ ኦሮምኛውም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቁቤ ይጻፋል። ወረቀቱ በአማርኛ ቢሆንም ከንባቡ በፊት ያለው ጨዋታ በኦሮምኛ ቢሆን ምንም አይጎድልም። እኔ ያን ማታ «በአማርኛ ተናገሩ» ብዬ ቢሆን ኖሮ የዚያች እናት ቃል ባልተሰማ ነበር።

ሁሉም ይጠየቅ። አዘውትሮ የሚናገር ሰው ብቻ ከተናገረ የተሰበሰበው የአንድ ሰው እውቀት ነው። ጽሑፉ ስለ እህል አቀማመጥና ስለ ነቀዝ ከሆነ ደግሞ ወንዶቹ ትንሽ ዝም ብንል ይሻላል። ጎተራው ውስጥ እጇን የምታስገባው ሴቲቱ ናት።

አስተማሪ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሚያውቁትን አስታውሱ ማለት እናንተ የምታውቁትን አስቀድማችሁ ዘርግፉላቸው ማለት አይደለም። አንዳንዱ መምህር ጽሑፉን በሙሉ በቃሉ ተርኮ ካበቃ በኋላ «አሁን አንብቡ» ይላል። ከዚህ ወዲያ ምን ለማግኘት ይነበባል? በእንቆቅልሽ ጨዋታ «ምን አውቅልህ» የሚለው ተጠያቂው ነው እንጂ ጠያቂው አይደለም። ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም ታገሡ።

ያወቅነው ሲያሳስተን

እስካሁን የተናገርነው እውቀት ሲረዳ ነው። ግን ያሳስታልም። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል።

ለምሳሌ የአንድ ገበሬ ስንዴ ቢጫ ዋግ ገባበት እንበል። ገበያ ሄዶ የመድኃኒት ዕቃ ያያል፤ ከታች ቢጫ መስመር አለው። «ይኸው የቢጫ ዋግ መድኃኒት!» ይላል። ቢጫ ዋግን ያውቃል፤ ቢጫውን ያያል፤ ሁለቱን አገናኝቶ ገንዘቡን ይከፍላል። ዕቃው ውስጥ ያለው ግን የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በፀረ ተባይ ዕቃ ግርጌ የሚታተመው ባለ ቀለም መስመር የሚናገረው የመርዙን ኃይል ነው። ቀዩ እጅግ አደገኛ ነው። ቢጫው ከእሱ ይቀጥላል። ሰማያዊው ያንሳል። አረንጓዴው ከሁሉም ያንሳል፤ እሱም ቢሆን በባዶ እጅ አይነካም። ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው በሽታ እንደሆነ የሚናገረው ቀለሙ ሳይሆን ጽሑፉ ነው።

ሌላም አለ። የምናውቀው ነገር ያረጃል። ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ በአርሲና በባሌ ለብዙ ጊዜ ተወዶ ተዘርቷል። «ኩብሳ አያሳፍርም» የሚል ገበሬ ቢኖር ከገዛ ማሳው ያገኘውን ነው የተናገረው። በ2002/03 ዓ.ም. የምርት ዘመን ግን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ በብዙ ቦታ ተነሥቶ ኩብሳን ክፉኛ መታው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገበሬ ቢጫውን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በባሌና በአርሲ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን አጠፋው። ገበሬው አልተሳሳተም፤ በሽታው ዘሩን ለወጠ። ስለዚህ ስለ ዘር የተጻፈ አዲስ ወረቀት ሲመጣ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ማጠፍ አይገባም። በመጀመሪያው ዓምድ ከጻፍናቸው አጠገብ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምናውቀው?» የሚል ጥያቄ እንጨምር። በተጠራጠርነው ላይ ምልክት እናድርግ። ስናነብ በመጀመሪያ የምንፈልገው ምልክት ያደረግንበትን ነው።

ይህ ዘዴ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ግን ለውል ወረቀት ነው። መሬት በኮንትራት ስትሰጡ፣ ብድር ስትወስዱ፣ ወረቀቱን የጻፈው ሰው «እዚህ ጋ ፈርሙ» ብሎ ብዕር ይሰጣችኋል። ብዕሩን አትቀበሉ። ወረቀቱንም ወዲያው ማንበብ አትጀምሩ። አስቀድማችሁ በቃል የተስማማችሁትን በጣታችሁ ቁጠሩ። ስንት ጥማድ መሬት? ለስንት ዓመት? በስንት ብር? ገንዘቡ መቼ ይከፈላል? ምስክሮቹ እነማን ናቸው? አምስት ጣት፣ አምስት ነገር። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ አንድ በአንድ ፈልጉ። «ሦስት ዓመት» ብላችሁ ተስማምታችሁ «አሥራ ሦስት» የሚል ብታገኙ፣ ዓይናችሁ የሚይዘው «ሦስት» የሚለውን ስትጠብቁ ስለነበረ ነው። ሳይጠብቅ የሚያነብ አዲስ አንባቢ «አሥራ» የምትለዋን ቃል ለቅሞ ያልፋታል፤ ደክሞታላ! ከአምስቱ አንዱ ጽሑፉ ውስጥ ከታጣም ተዉት፤ ሌላ ቀን ይደረሳል። አምስቱ ሁሉ ተገኝቶ ስድስተኛ ነገር ከተጨመረበትም እንዲሁ አትፈርሙ፤ ጠይቁ።

ለሚቀጥለው ማታ

ከዚህ በታች አጭር ጽሑፍ አለ። ርእሱን ብቻ አንብባችሁ ወረቀቱን ገልብጡ። ስለ ቱ ፎር ዲ የምታውቁትን በመጀመሪያው ዓምድ ጻፉ። ረጭታችሁ የምታውቁ ሰዎች በየትኛው ሰዓት እንደምትረጩና ለምን ያን ሰዓት እንደመረጣችሁ ተናገሩ። የማትስማሙበት ነገር ካለ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አንብቡ።

ነፋስ ባለበት ሰዓት አይረጭም

«ቱ ፎር ዲ ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆኑ አረሞችን የሚገድል መድኃኒት ነው። በጊዜውና በመጠኑ ከተረጨ ስንዴንና ገብስን አይገድልም፤ ቅጠላቸው ሌላ ዓይነት ነውና። ባቄላና አተር ግን ቅጠላቸው እንደ አረሙ ሰፊ ነው። መድኃኒቱ አረምን ከባቄላ አይለይም። ነፋስ ባለበት ሰዓት የሚረጭ ገበሬ መድኃኒቱ በእሱ ስንዴ ላይ ብቻ የሚያርፍ ይመስለዋል። ጠብታው ደቃቅ ስለሆነ ግን ነፋስ ተሸክሞት ወሰን ይሻገራል። ጎረቤቱ ባቄላውን ሊያይ ሲሄድ ቅጠሉ ተጠማዝዞ፣ አገዳው ጎብጦ ያገኘዋል። የሚረጭ ሰው ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ ይርጭ። ባዶውን ዕቃ ለውኃም ለወተትም አይጠቀምበት።»

ጥያቄ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ዓምድ ከጻፋችሁት ውስጥ ጽሑፉ ያጸናላችሁ የትኛውን ነው? የነቀፈባችሁስ? ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ያልነገራችሁ፣ ነገር ግን ከራሳችሁ የሞላችሁት ነገር አለ? ሦስተኛ፣ አውድማ ላይ ቆመን የምንጠብቀው ነፋስ እዚህ ላይ ጠላት የሆነብን ለምንድን ነው?